«አፍንጫዬን ምን አደረግከው?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ሰው የተገለገለበት ካኖን ካሜራ ገዛሁ። አብሮት የመጣው ሌንስ ከ18 እስከ 55 የሚለው ነው። በቅርቡ የአጎቴን ልጅ ሠርግ አነሣሁ፤ አዳራሽ ውስጥ ያነሣሁት ሁሉ ብዥ ብሏል። በማግስቱ ሙሽሮቹን ፋሲል ግቢ ወሰድኳቸው፤ ግንቡ ወደ ኋላ ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል። አክስቴን ደግሞ ጠጋ ብዬ ባነሣት «አፍንጫዬን ምን አደረግከው?» ብላ ተቆጣችኝ። ጓደኞቼ «ይሄ ሌንስ አይረባም፣ ሽጠውና ባለ 50 ግዛ» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አክስትህ እውነታቸውን ነው። ሌንሱን ግን አትሽጠው። ቢያንስ አሁን አትሽጠው።

ሌንስህ 18 ላይ ሰፊ ያሳያል፣ ቀለበቱን ወደ 55 ስታዞረው ያቀርባል፤ ዙም የምንለው ይሄ ነው። ሁላችንም ያንን ቀለበት «ማቅረቢያ» ብለን ነው የምንጀምረው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሙያውን የለመድኩት በፊልም ካሜራ፣ ዙም በሌለው በ50 ሌንስ ነው። መቅረብ ከፈለግኩ በእግሬ እሄዳለሁ፣ አለቀ። ዲጂታሉ እጄ የገባ ጊዜ ግን ሰነፍኩ። በሱ ያነሣሁት የመጀመሪያ ሠርግ አዘዞ ነበር። ማታ ነው፣ ዳስ ውስጥ፣ ሁለት አምፖል ብቻ። እኔ ጥግ ላይ ወንበር ይዤ (ጠጅም ቀርቦልኝ ነበር፣ አልዋሽህም) ሙሽሪትን በ55 አቀርባታለሁ። ከ300 ፎቶ ለሰው የሚሰጥ 40 አልወጣልኝም። የሙሽራው አባት ቀሪውን ሒሳብ ሲከፍሉኝ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ምን ሆኖ መሰለህ? የሌንስህን ፊት አንብበው። ከ18-55 ጎን 3.5-5.6 የሚል አለ። ይሄ የብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። 18 ላይ 3.5 ድረስ ይከፈትልሃል። እያዞርክ 55 ስትደርስ ግን ከ5.6 በላይ አልሰፋም ይላል። በሒሳብ ስታሰላው ወደ ሴንሰሩ (በፊልም ፈንታ ምስሉን ወደሚቀበለው የካሜራው ክፍል) የሚደርሰው ብርሃን ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ይቀንሳል። ካሜራው አውቶማቲክ ላይ ከሆነ ምንም ሳይነግርህ ሻተሩን (ብርሃኑን ለቅጽበት የሚያስገባውን መጋረጃ) ሊያዘገየው ይችላል። አዳራሹ 18 ላይ በ1/60 ሰከንድ የሚነሣ ከነበር፣ 55 ላይ ወደ 1/25 ይወርዳል። በዚያ ላይ የእጅህ መንቀጥቀጥም ከዙሙ ጋር አብሮ ይጎላል። የካሜራህ ሴንሰር ከፊልም ስለሚያንስ 55 የሚያየው ፊልም ላይ 88 የሚያየውን ያህል ነው። የድሮው ደንብ ደግሞ ይህን ያህል አቅርበህ ስታነሣ ያለ ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ከ1/90 በታች አትውረድ ይላል።

«ሌንሱ መንቀጥቀጥ መከላከያ አለው እኮ» ትለኝ ይሆናል። ካለው ጥሩ። እሱ የሚረዳህ ግን ያንተ እጅ ሲንቀጠቀጥ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተህ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ስታነሣ ያዋጣል። ፍላሽ እዚያ አይፈቀድም፣ እነሱም አይነቃነቁም፤ ትንፋሽህን ያዝ አድርገህ በዘገየ ሻተር ታነሣቸዋለህ። ሚዜዎቹ ግን እስክስታ ይወርዳሉ! ለትከሻ የሚበጀው የፈጠነ ሻተር ብቻ ነው።

ስለዚህ አዳራሽ ስትገባ ዙሙን ከ18 እስከ 35 ባለው ውስጥ አቆየው። 35 ላይ ቀዳዳው ወደ 4.5 ግድም ነው፣ ይቻላል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 አድርገው። ፎቶው ትንሽ ይሻክር ይሆናል፤ የሻከረ ፎቶ ይታያል፣ ብዥ ያለ ግን አይድንም። ሻተሩን 1/125 ላይ ለማቆየት ሞክር። ከዚያ ወንበሩን ተውና ተነሥተህ ቅረብ። የጎንደር ሠርግ ላይ ፎቶ አንሺ መሀል ገባ ብሎ የሚቆጣ የለም፤ ይልቅ ጎትተው ያስጨፍሩሃል።

ወደ ግንቡ እንሂድ። የፋሲል ግንብ ወደ ኋላ ያጋደለብህ በሌንሱ ጥፋት አይደለም። ሥሩ ቆመህ፣ ዙሙን 18 አድርገህ፣ ካሜራውን ወደ ሰማይ ስላንጋጠጥከው ነው። ካሜራው ካጋደለ ቀጥ ያሉት መስመሮች ሁሉ ወደ ላይ ሲሄዱ ይጠባሉ። መድኃኒቱ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ሣሩ ላይ እስከምትችለው ራቅ፣ ካሜራውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ከዚያ 24 ወይም 35 ላይ ሞክር። ከታች ሣር ቢበዛብህ ኋላ ትቆርጠዋለህ። ቀዳዳውን 8 ላይ አድርገው፤ ይህ ሌንስ እዚያ ላይ ጥርት ይላል። 22 ድረስ ማጥበብ ግን ምስሉን መልሶ ያደበዝዘዋል። ሙሽሮቹን ደግሞ በስድስት ሰዓት ፀሐይ አታቁማቸው። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል። ከአሥር ሰዓት በኋላ ውሰዳቸው።

አሁን አክስትህ። 18 ላይ ሆነህ ፊታቸው ድረስ ተጠግተሃል። ካሜራው ለአፍንጫ ከጆሮ ይልቅ በጣም ሲቀርብ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ይሸሻል። ጥፋቱ የርቀቱ ነው፤ 18 ደግሞ እንድትጠጋ ይገፋፋሃል። ሁለት ሜትር ያህል ራቅና 50 ወይም 55 ላይ አንሣቸው፤ ፊት ልክ ይሆናል። አዳራሽ ውስጥ ሽሸው ያልኩህ 55 ደጅ ላይ፣ ብርሃን ሲኖር፣ የዚህ ሌንስ ምርጥ ቦታ ነው። ቀለበቱን ስታዞር «ምን ያህል ላቅርብ» አትበል፤ «የት ልቁም፣ ብርሃኑስ ይበቃኛል ወይ» በል።

ባለ 50 ስለሚሉህ ጓደኞችህ፦ አልተሳሳቱም። 1.8 የሚከፈተው 50 ሌንስ ያንተ ዙም 55 ላይ ከሚያስገባው ብርሃን አሥር እጥፍ ያህል ያስገባል። ግን በካሜራህ ላይ ጠባብ ነው። ሳሎን ውስጥ ሰባት ቤተሰብ አንሣ ቢሉህ ግድግዳውን ካላፈረስክ አይገቡልህም። አንድ ነገር ሞክር። ዙምህን 50 ላይ አድርገህ ቀለበቱን በፕላስተር ለጥፈው። ለአንድ ሳምንት በዚያ ብቻ አንሣ፤ ፒያሳን፣ ጃንተከል ዋርካን፣ ቅዳሜ ገበያን፣ ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ። ከጠበበህ ብርህን ያዝ። ከተመቸህ ግዛው፤ ያኔም 18-55ቱን ለቤተሰብ ፎቶና ለግንቡ አስቀረው። ቢሸጥም የረባ ብር አያወጣም።

ፕላስተሩን ከመለጠፍህ በፊት ግን አክስትህ ጋ ሂድ። ደጅ ጥላ ላይ አስቀምጣቸው፣ ሁለት ሜትር ራቅ፣ 55፣ እንደገና አንሣቸው። ይቅርታም ጠይቅ።