24 አልጋ እያለ «ቦታ የለም» የሚባለው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ በአካባቢያችን አራት ሆስፒታሎች እያንዳንዳቸው 6፣ በድምሩ 24 የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን አልጋ አላቸው ይባላል። ሪፈር ስንጽፍ ግን «ቦታ የለም» እንባላለን። ቁጥሩ ውሸት ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። አልጋ ተቆጥሮ ነርስ ሳይቆጠር ቀርቶ ይሆናል። አንድ ነርስ ከአንድ አልጋ ሳይለይ ሌት ተቀን ይቁም ከተባለ በሳምንት 168 ሰዓት መሸፈን አለበት። አንድ ነርስ በሳምንት በሚሠራው 40 ሰዓት ሲካፈል 4.2 ነርስ ይመጣል፤ ፈቃድና ሕመም ሲታከልበት ከ5 አያንስም። ቬንቲሌተሩም (የመተንፈሻ ማገዣ መሣሪያው) ቢሆን የአዋቂ ብቻ ከሆነ አይረባም። 4 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በአንድ ትንፋሽ የሚያስፈልገው 24 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ የአዋቂው ቱቦ ሲለጠጥ ይህችን ታህል አየር ራሱ ያስቀራታል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን የመበታተኑን ጣጣ ነው። ባለ 6 አልጋ ክፍል በአማካይ የ5 አልጋ ፍላጎት ቢኖርበት፣ ታማሚውም ወረፋ የማይጠብቅ ከሆነ፣ በስሌት ከሚመጡት 19 በመቶው ቦታ አጥተው ይመለሳሉ። 24ቱ እንደ አንድ ክፍል ቢሠሩና የ20 አልጋ ፍላጎት ቢኖር የሚመለሱት 7 በመቶ ገደማ ናቸው። ትንሽ ክፍል በአንድ ሌሊት ሁለት ሕፃናት ሲደርቡበት ይሞላል፤ ጎረቤቱ ባዶ አልጋ ይዞ ያድራል። ሁሉንም አንድ ከተማ እንሰብስብ ማለታችን አይደለም፤ ርቀቱም ይጎዳል። የአራቱንም ባዶ አልጋ በየፈረቃው የሚከታተል አንድ የጋራ ስልክ ይበቃል። የብሮንኪዮላይቲስ (የሕፃናትን ትናንሽ የአየር ቧንቧዎች የሚያጠቃ ሕመም) ወቅት ሲመጣ ግን ሁሉም አብረው ስለሚሞሉ ይህም ብዙ አይረዳም፤ ያኔ ተጨማሪ ነርስ አስቀድሞ መመደብ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ስንደውል ምን እንበል? ለመንገዱስ ምን እንያዝ?

መልስ፦ «አልጋ አለ?» ብለው አይጠይቁ። «4 ኪሎ ሕፃን ነው፣ በደቂቃ 5 ሊትር ኦክስጅን ላይ ነው፤ በዚህ ፈረቃ የሚመጥነው ቬንቲሌተርና ነርስ አለ?» ይበሉ፤ የሚቀበለውን ሐኪም ስምም ይመዝግቡ። ከመነሳትዎ በፊት የደም ስኳሩንና የሰውነት ሙቀቱን ይለኩ፤ ጨቅላ በመንገድ ላይ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

የኦክስጅኑ ስሌት ቀላል ነው፦ የሲሊንደሩን ይዘት በጌጁ (በግፊት መለኪያው) ንባብ ያባዙ። 10 ሊትር የሚይዘው 150 ባር ካሳየ 1,500 ሊትር ገደማ አለው፤ በደቂቃ 5 ሊትር ሲወስድ 5 ሰዓት ይቆያል። የመንገዱን እጥፍ መያዝ ስለሚገባ ለ3 ሰዓት ጉዞ ይህ አይበቃም፤ ሁለተኛ ሲሊንደር ይጫን።