የአሻንጉሊቱ ፊት ለምን አይለወጥም?

በቼኩ የአሻንጉሊት ፊልም ሠሪ በጂሪ ትርንካ «እጅ» ፊልም ላይ የአሻንጉሊቱ ፊት ለምን አይለወጥም ላልከው፣ ሆን ተብሎ ነው። ስሜቱን የሚያመጡት መብራቱና የካሜራው አቅጣጫ ናቸው። አንገቱን ትንሽ ሰበር ሲያደርግ ያዘነ ይመስልሃል። እስቲ ድጋሚ እየው።

አሻንጉሊቱ ሰውዬ ለአበባው ማሰሮ ከመሥራት ሌላ ምንም አያምረውም። አንድ ግዙፍ እጅ ግን «ሐውልቴን ካልሠራህ» ብሎ ድርቅ ይላል። ያ እጅ አሻንጉሊት አይደለም፣ የእውነት የሰው እጅ ነው። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ በስቶፕ ሞሽን (ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሱ ፎቶ በፎቶ በሚቀረጽ ፊልም) አሻንጉሊት የሚንቀሳቀሰው በሰው እጅ ነዋ! እንደ ወፍ ወርቃማ ማጎሪያ ውስጥ ከትቶ በክር አስሮ ሲያሠራውማ ነገሩ አፍጥጦ ይወጣል። የገደለው ደግሞ ያው የአበባ ማሰሮው፣ ጭንቅላቱ ላይ ወድቆ። ቀባሪው? እጁ፣ በሙሉ ክብር።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1965 ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ ተሠራ። ትርንካ በ1969 ከሞተ በኋላ ታገደ።