ምግብ የተወችው ቢጫ ዓሣ

ጥያቄ፦ ፒያሳ በሚገኘው ቤቴ፣ ከማላዊ ሐይቅ የተገኘ ዝርያ መሆናቸው የተነገረኝን ቢጫ ዓሣዎች በአኳሪየም አረባለሁ። ከመካከላቸው አንዷ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ምግብ አትቀምስም፤ ጉንጯም አብጧል። ታማ ይሆን? ሻጩ ደግሞ በየምግብ ቤቱ ተጠብሶ የሚቀርብልን ቆሮሶ ዘመዳቸው እንደሆነ ነግሮኛል። መልካቸው ፈጽሞ ሳይገናኝ ይህ እንዴት ይሆናል?

አንባቢ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ዓሣዎ የታመመች አይመስለንም። ያበጠው ከአገጯ ሥር ያለው ክፍል ከሆነና አልፎ አልፎ አንዳች ነገር እንደሚያላምጥ ሰው መንጋጋዋን የምታንቀሳቅስ ከሆነ፣ በአፏ እንቁላል ይዛለች ማለት ነው። ጫጩቶቹ ራሳቸውን ችለው እስኪዋኙ ሦስት ሳምንት ገደማ ትጾማለች። በመረብ ሊይዟት አይሞክሩ፤ ከደነገጠች እንቁላሉን ልትተፋው ትችላለች።

ሻጩም እውነቱን ነው። ሁለቱም ሲክሊድ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው፤ የዝዋይና የሐዋሳ ቆሮሶም እንስቷ እንቁላሏን የምትፈለፍለው በአፏ ነው። ዝምድናውን በዓይንዎ ለማየት ከፈለጉ ያልተበለተ ቆሮሶ ገዝተው ጭንቅላቱን ይመርምሩ። አብዛኞቹ ዓሣዎች በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ ሲኖራቸው፣ ቆሮሶ ግን እንደ ቢጫዎቹ ዓሣዎችዎ አንድ አንድ ብቻ ነው ያለው። ጉሮሮውን ከፍተው በጣትዎ ቢዳብሱ ደግሞ ጥቃቅን ጥርሶች የተተከሉበት ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት ያገኛሉ፤ ይህ ሁለተኛው መንጋጋ ነው። በእኛ አስተያየት ከቀለማቸው ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ አጥንት ነው፤ ምግብን የማድቀቁን ሥራ ጉሮሮ ስለተረከበው፣ የፊተኛው አፍ እንደየኑሮው አልጌ ለመፋቅ፣ ነፍሳት ለመልቀም ወይም ሌላ ዓሣ ለማደን የሚመች ቅርጽ ሊይዝ ችሏል። በታንጋኒካ ሐይቅ የሌሎችን ዓሣዎች ቅርፊት እየነቀሉ የሚኖሩ እንኳ አሉ፤ አፋቸው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የተጣመመ በመሆኑ እያንዳንዱ በአብዛኛው የሚያጠቃው ከአንድ ጎን ብቻ ነው።

እስካሁን በሳይንስ የተመዘገቡት ሲክሊዶች ከ1,700 ዝርያ በላይ ናቸው። ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደገና በሞላው በቪክቶሪያ ሐይቅ ብቻ ወደ 500 የሚጠጉ ዝርያዎች ተገኝተዋል። በእኛ ሐይቆች ይህን ያህል አልበዙም፤ እንዲያውም በጣና በብዙ ዝርያ የተከፋፈለው ሲክሊድ ሳይሆን ነጭ ዓሣ የምንለው ነው። ቢሆንም አፋር ውስጥ በጨዋማው የአፍዴራ ሐይቅ፣ በሌላ ሐይቅ የማይገኝ አንድ ትንሽ ሲክሊድ አለን።

ወደ እርስዎ ቤት ስንመለስ፣ እናቲቱ ጫጩቶቿን ከመልቀቋ በፊት በአኳሪየሙ ወለል ላይ ድንጋዮችን ቀዳዳ ቀዳዳ እያስቀሩ ቢደረድሩ መልካም ነው፤ መሸሸጊያ ካላገኙ የቀሩት ዓሣዎች ይበሏቸዋል።