«አፒዝ» ሽማግሌን ያስቀይማል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ፕሮጀክት ቢሮ ሪፖርት የምጽፈው እኔ ነኝ። በቅርቡ መንዝ ውስጥ በእርሻ ወሰን ተጣልተው ሰው እስከ መፈንከት የደረሱ ሁለት ቤተሰቦች በሽማግሌ ታረቁ። እኔም ለፈረንጆቹ በእንግሊዝኛ ስጽፍ፣ ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ወገን «አፒዝ» አደረጓቸው አልኩ። መዝገበ ቃላቱ «ማረጋጋት፣ ማስታገስ» ነው የሚለው። አለቃዬ ግን «ሽማግሌዎቹን እኮ ሰደብሻቸው!» ብሎ ሪፖርቱን መለሰልኝ። ስድቡ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ አለቃሽ ትንሽ አካብዷል፣ ግን ልክ ነው።

አፒዝ ማለት የተቆጣን፣ ወይም «አምጡ» እያለ የሚያስፈራራን ሰው የሚፈልገውን ሰጥቶ ዝም ማሰኘት ነው። ሰጪ አለ፣ ተቀባይ አለ። መሀል የሚቀመጥ ሽማግሌ የለም። ደግሞም የሚሰጠው ነገር ብዙ ጊዜ መሰጠት ያልነበረበት ነው። አንድ ጋዜጣ «መንግሥት ሰልፈኞቹን አፒዝ ለማድረግ ሚኒስትሩን አነሳ» ብሎ ከጻፈ፣ ሚኒስትሩ አጥፍቷል ማለቱ አይደለም፤ ጩኸቱን ፈርተው ሰውየውን መስዋዕት አደረጉት እያለ ነው። አንቺም ሳታውቂው ሽማግሌዎቹ ጉልበተኛ ፈርተው አጎበደዱ ብለሽ ጻፍሽ።

ቃሉ ድሮ እንዲህ አይሸትም ነበር። የእንግሊዝ ፖለቲከኞች ራሳቸው ፖሊሲያቸውን ያለ ምንም እፍረት «አፒዝመንት» ይሉት ነበር፣ ሰላም ማውረድ እንደማለት አድርገው። ስሙን ያጠፋው የሙኒክ ስምምነት ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቼምበርሊን ሱዴተንላንድ የሚባለውን የቼኮዝሎቫኪያ ግዛት ለሂትለር ፈረመለት፣ በማርች 1939 ሂትለር ዋና ከተማዋ ፕራግ ገባ፣ ከዚያ ወዲህ ቃሉን በበጎ የሚያነሳው ፖለቲከኛ ማግኘት ጭንቅ ነው። ፈረንጅ ምሳሌ ሲፈልግ ሁልጊዜ ሙኒክን ይጠራል። እኛ ግን ቀድመን ቀምሰነዋል! በዲሴምበር 1935 የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል ሙሶሊኒ ጦርነቱን እንዲያቆም ብለው ሰፊ የኢትዮጵያ መሬት ሊቆርሱለት ተስማሙ። ወሬው በፓሪስ ጋዜጦች ሾልኮ ወጣና ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ። ሙሶሊኒ ግን የሚቆም ሰው አልነበረም። ጦሩ ከደሴ ተነስቶ በጣርማበር ሽቅብ፣ በእናንተው በደብረ ብርሃን አድርጎ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በኖቬምበር 1938 ደግሞ ለንደን የኢጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ እውቅና ሰጠች። ያኔ እነ አበበ አረጋይ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ገና እየተዋጉ ነው።

ወደ ሪፖርትሽ እንመለስ። የምትፈልጊው «ሪኮንሳይል» ነው፦ «ዘ ኤልደርስ ሪኮንሳይልድ ዘ ቱ ፋሚሊስ»። አለቀ። የተጣሉትን እርስ በርስ ማስታረቅ ማለት ነው፣ ሽማግሌውም በክብሩ ይቀመጣል።

በዳዩ ወገን ያደረገውን መጻፍ ከፈለግሽ ግን ሌላ ቃል አለ። ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ስለ እግዚአብሔር» እያለ የተበደለው ደጅ የሚወድቀው ሰው የሚያደርገውን «ፕላኬት» በይው። ቁጣን ማብረድ ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ካሳውም በደሉ እውነተኛ ስለሆነ የሚገባ ነው። አፒዝ የሚሆነው ወሰን የገፋው ጎረቤት ራሱ እንደገና እንዳይመጣ ተብሎ አንድ ጥማድ መሬት ሲጨመርለት ነው። እሱ ደግሞ በክረምቱ ተመልሶ ይመጣል።

አጻጻፉ ላይ ሁለት ነገር ልጨምርልሽ። ከአፒዝ ቀጥሎ «ቱ» አይገባም፤ የእኛ ሰው «አፒዝ ቱ ሂም» ማለት ይወዳል፣ ስህተት ነው። የሰጠሽው ነገር «ዊዝ» ወይም «ባይ» ተብሎ ይከተላል። ሲነበብ ደግሞ መጨረሻው «ዝ» ነው። «አፒስ» ካልሽው «አንድ ቁራጭ» ይሆንና ሰሚው ግራ ይገባዋል።

ደግሞ ቃሉ ሁልጊዜ ክፉ ነው ብለሽ እንዳትሸሺው። ረሃብን፣ ጉጉትን፣ ሕሊናን፣ የጥንት አማልክትን አፒዝ ማድረግ ይቻላል፣ ማንም አይቀየምም። ጣጣው ያለው አስፈራሪ ሰው ወይም መንግሥት ሲገባበት ነው።

ጥያቄ፦ ሸዋሮቢት ሆቴል ውስጥ እሠራለሁ። እንግዳ ውሃ ጠፋ ብሎ ሲቆጣና ስናረጋጋው «ፓሲፋይ» አደረግነው ብዬ ለማኔጀሩ ብጽፍ ችግር አለው?

መልስ፦ «ፕላኬት» በል ወንድሜ። ፓሲፋይ ለሚያለቅስ ሕፃን ነው፤ አሜሪካኖች ልጅ አፍ ላይ የሚያደርጉትን የጎማ ጡት ፓሲፋየር የሚሉት ለዚህ ነው። እንግዳህ ቢያነበው «እንደ ሕፃን አባበሉኝ» ሊል ይችላል። ከዚያ የባሰ ትርጉምም አለው፦ ቅኝ ገዥዎች ያመፀ አገር ላይ ጦር ሲያዘምቱ «ፓሲፊኬሽን» ይሉት ነበር፣ አገሩን ጸጥ አሰኘን ነው ነገሩ። ከሁሉም በፊት ግን በባልዲ ውሃ አድርሱለት።

ጥያቄ፦ አፒዝ ውስጥ «ፒስ» የሚባለው ሰላም አለ ወይስ እንዲያው መመሳሰል ነው?

መልስ፦ አለ። ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ነው የመጣው፣ «ወደ ሰላም ማምጣት» ከሚል። የሚገርመው ግን የገንዘቡ «ፔይ»ም የዚሁ ዘመድ መሆኑ ነው። ሥሩ በላቲን ማብረድ፣ ሰላም ማድረግ ማለት ነው፤ አበዳሪህ ገንዘቡን ሲቀበል ይበርድለታል በሚል መጥቶ መክፈል ሆነ።