ለዓመታት ተጠባባቂ የሆነው ኳርተርባክ

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የታዳጊዎች እግር ኳስ ቡድን አሠለጥናለሁ። በአሜሪካ ፉትቦል ለዓመታት ተጠባባቂ የነበረ ኳርተርባክ በጥሎ ማለፍ ጨዋታ ገብቶ ቡድኑን ለድል ሲያበቃ እሰማለሁ። ሳይጫወት የቆየ ሰው ይህን እንዴት ይችላል?

መልስ፦ የተከበሩ አሠልጣኝ፣ ኳርተርባክ ማጥቃቱን የሚመራና ኳሱን ለማን እንደሚሰጥ በሰከንዶች ውስጥ የሚወስን ተጫዋች ነው። ተጠባባቂው ከዋናው ቡድን ጋር የሚለማመድበት ጊዜ ጥቂት ቢሆንም፣ በየሳምንቱ የተጋጣሚን አጨዋወት አስመስሎ የራሱን ቡድን ተከላካዮች ስለሚያለማምድና ቪዲዮውን ከዋናው እኩል ስለሚያጠና፣ ሳይጫወት ቆየ እንጂ ሳይሠራ አልቆየም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ፍራንክ ራይክ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 3 ቀን 1993 ዋናው ኳርተርባክ ጂም ኬሊ በጉዳት በመቅረቱ ለቡፋሎ ቢልስ ተሰለፈ፤ ቡድኑ በሂዩስተን ኦይለርስ 35 ለ 3 ሲመራ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ገና መጀመሩ ነበር። ራይክ ግን ሁሉን በአንድ ኳስ ለመመለስ አልተጣደፈም። በዚያው አጋማሽ ለታችዳውን (ኳሱን ተጋጣሚ ከሚጠብቀው የሜዳ ጫፍ በማድረስ ለሚገኝ ነጥብ) የበቁ 4 ኳሶችን አቀበለ፤ ቢልስም በተጨማሪ ሰዓት 41 ለ 38 አሸነፈ። (እ.ኤ.አ. በ1984 በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሳለም 31 ለ 0 ከመመራት ተነሥቶ የማያሚ ዩኒቨርሲቲን 42 ለ 40 አሸንፏል።) በእርግጥ ተከላካዮቹ ኳስ ባይነጥቁለት ኖሮ ብቻውን አይችለውም ነበር።

ስለዚህ ተጠባባቂ ግብ ጠባቂዎን በልምምድ ዳር አያቁሙት፤ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ከዋናዎቹ ተከላካዮች ጋር ያሰልፉት፣ የቅጣት ምትና የማዕዘን ምት አደረጃጀቱንም እርሱ ራሱ እየጮኸ እንዲያዝ ያድርጉ።