ከጠፍሩ ሥር ያለው ፊደል

ውድ እትዬ፣

ዕድሜዬ 43 ነው። የምኖረው ዳላስ አካባቢ ሲሆን ሥራዬ ጠመንጃ መጠገን ነው። እናቴ እስከ ዛሬ ለጎረቤት የምትናገረው «ማሽን ቤት ይሠራል» እያለች ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ትሪኒዳድ በምትባል ከተማ ሙያውን ተምሬአለሁ፤ የፌዴራል ፈቃድም አለኝ። አብዛኛው ሥራዬ የአዳኞችን ጠመንጃ ማጽዳት፣ ማነጣጠሪያ መግጠምና የተሰነጠቀ ሰደፍ መለወጥ ነው። እንጀራ ነው፤ ለደብዳቤ የሚሆን ወሬ የለውም። ይኸኛው ግን እንቅልፍ ነሣኝ።

ባለፈው ወር አንድ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዞ መጣ። አሮጌ ነፍጥ ይሰበስባል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በኢትዮጵያ መጋዘኖች የኖሩ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት ወደ አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች መሸጣቸውን ሰምተው ይሆናል። የእርሱም ከእነዚያ አንዱ ነው። ብርድ ልብሱን እየገለጠ «ፈረንሳይ ሠራሽ ነው፤ ግራ ይባላል፤ የ1874 ሞዴል» ሲለኝ ሳላስበው «ውጅግራ!» ብዬ ጮህኩ። ሰውየው ደነገጠ። በልጅነቴ በፉከራ ብቻ የሰማሁት ስም ነው። «ፉዚል ግራ» የሚለው ፈረንሳይኛ በአያቶቻችን አፍ ተለውጦ ውጅግራ መሆኑን የተረዳሁት እዚያው ቆሜ ነው።

ትእዛዙ አጭር ነበር፤ እንደ አዲስ አድርግልኝ አለኝ። በርሜሉ እንዲጠቁር፣ እንጨቱ ተፍቆ እንዲያበራ፣ ከዚያም ከምድጃው በላይ እንዲሰቀል ይፈልጋል። በ1,400 ዶላር ተስማማን፤ ግማሹን ተቀብያለሁ።

እትዬ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ገጥሞኝ አያውቅም። መቀባበያው ከነዝገቱ ተጣብቆ ንቅንቅ አልል አለ። እርሱን የሚይዘው ብሎን በቀኝ በኩል ነው፤ አናቱ ቀድሞ በማይሆን ካቻቪቴ ተበልቷል። ዘጠኝ ቀን ጠዋትና ማታ ዘይት እያጠጣሁ፣ በትንሽ እሳት እያሞቅሁ ጠበቅሁት። በአሥረኛው ቀን ሩብ ዙር ዞረ። ቀለህ የምትስበው ጥፍር ተሰብራ ስለነበር ከስፕሪንግ ብረት በሞረድ አውጥቼ፣ በእሳት አግዬ፣ ዘይት ውስጥ ነክሬ፣ እንደገና ሰማያዊ እስክትሆን በቀስታ አሞቅኋት። ሁለቱ እጄ ላይ ተሰበሩ፤ ሦስተኛዋ ያዘች። ያን ቀን ምሳ መብላት ረሳሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በሁለተኛው ቀን ቸኩዬ፣ ሞተር ላይ በተገጠመ የሽቦ ብሩሽ የጎኑን ዝገት አነሣሁ። ዝገቱ ሲነሣ የሴንት ኤቲየን ፋብሪካ ስም የተቀረጸበት መስመርም ግማሹ አብሮ ሄደ። በርሜሉ ላይ ያለው 1877 ተርፏል። ለደንበኛዬ እስካሁን አልነገርኩትም።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ደግሞ ሰደፉን በጥጥ ስጠርግ መብራቱ በጎን መጣ፤ ከጥቀርሻውና ከሞራው ሥር ፊደል አየሁ። መስቀል አለ፤ ከመስቀሉ ሥር «ወልደ» ይላል፤ ከእርሱ ሥር ደግሞ «፲፱፻፳»። የስሙም የዓመቱም ቀሪ ግን ጥሬ ቆዳ ሥር ገብቷል። የሰደፉ አንገት አንድ ጊዜ ተሰብሮ፣ አንድ ሰው እርጥብ ቆዳ ጠቅልሎበት በጅማት ሰፍቶታል፤ ደርቆ እንደ አጥንት ጠጥሯል። አንድ ስፌት ብቈርጥ ስሙን አነበዋለሁ። ቢላዋውን ሁለት ጊዜ አንሥቼ ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩት።

ታናሽ ወንድሜ ሌላ ሐሳብ አመጣ። «አይጠገንም በለውና በርካሽ ግዛው፤ ወደ አገሩ እንላከው፤ አድዋ የዋለ ጠመንጃ ነው» ይለኛል። አልዋሽዎትም፤ አንድ ሌሊት ሙሉ አስቤበታለሁ። ደንበኛዬ የሚመለሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ልንገረው? እንዳዘዘኝ ፍቄ ላስረክበው? ጠፍሩንስ ልፍታው?

ባለሞረዱ፣ ከዳላስ

*

ወንድሜ ባለሞረዱ፣

ስለ ሽቦ ብሩሹ መጀመሪያ ንገረው። ስለ ፊደሉ ከማውራትህ በፊት፣ ስለ ጥፍሯ ከመኩራራትህ በፊት። ሦስት ሳምንት አትጠብቅ፤ ይህን ያነበብክ ዕለት ደውልለት። «ቸኩዬ ይህን መስመር አጥፍቻለሁ፤ ከዋጋው ይህን ያህል ቀንስ» በለው። ሰብሳቢ ሰው የፋብሪካ ጽሑፍ ግማሹ መጥፋቱን ራሱ ያየዋል። እርሱ ካየው በኋላ የምትነግረውን ሁሉ፣ ፊደሉን ጨምሮ፣ ማምለጫ አድርጎ ይቈጥረዋል።

የወንድምህን ምክር ለወንድምህ መልስለት። የሚጠገነውን አይጠገንም ብሎ መግዛት ስሙ ስርቆት ነው፤ ባንዲራ ቢለብስም ያው ነው። ደግሞስ ገዝተህ የት ልታደርሰው ነው? በአሜሪካ በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ እስከ 1898 እ.ኤ.አ. የተሠራን ነፍጥ እንደ ቅርስ ዕቃ ስለሚያይ ነገሩ ቀላል መስሏችሁ ይሆናል። ኢትዮጵያ ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ አለ፤ ጠመንጃ በሻንጣ የሚላክበት አገር አይደለም። ይመለስ ከተባለ መንገዱ ባለቤቱ ፈቅዶ በሙዚየም በኩል ነው። አድዋ ስለ መዋሉም ወንድምህ ከየት እንዳመጣው እንጃ። ውጅግራ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ነበረ፤ ይኸኛው ውጅግራ ስለ መኖሩ ግን የሚመሰክር የለም። እንጨቱ የሚናገረው ስለ 1920ዎቹ ዓ.ም. ነው። ከ፳ው ቀጥሎ ፰ ቢኖር ጣሊያን የገባበት ዓመት ነው፤ ባይኖርም ስሙ የተቀረጸለት ሰው ያን ዓመት አይቶት ይሆናል። ይህ አነሰውና ነው አድዋ የሚጨምርበት?

አሁን ስለ ጠፍሩ። አትፍታው። አንድ የሙዚየም ዕቃ ጠባቂ ወዳጅ አለችኝ፤ ደብዳቤህን በስልክ ሳነብላት «ቢላዋውን ከክፍሉ ያውጣው» ነው ያለችው። ጽሑፉ ከስብራቱ እንደሚቀድም ልብ ብለሃል? ስሙ በደህናው ዘመን ተቀረጸ፤ ኋላ አንገቱ ተሰበረ፤ ያ ቆዳ ሰፊ ደግሞ ስሙን እንደሚሸፍን እያየ ጠፈረው፤ ጠመንጃው ይፈለግ ነበርና። ብሎን አልነበረውም፤ ሙጫ አልነበረውም። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ እንደሚኮማተርና እንጨቱን አንቆ እንደሚይዝ ግን ያውቅ ነበር። የሙያ ጓደኛህ ነው። አንዱን ስፌት ከቈረጥክ ያ መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ቆዳ ወደ ቦታው አይመለስም፤ አንገቱም ምናልባት ሁለት ቦታ ሆኖ እጅህ ላይ ይቀራል። ወዳጄ ሌላም አስጠንቅቃለች፤ የእንጨቱን ጭረት በእንፋሎት ላቃና እንዳትል። ቆዳው እርጥበት ከጠጣ ይላላል፤ ሙቀት ካገኘው ይሰነጠቃል።

ያየኸውን ፊደል ግን አውጣው። ስስ ወረቀት አኑርበትና በእርሳስ ቀስ ብለህ ፋቅ፤ በጎን ብርሃንም ፎቶ አንሣው። ያን ወረቀት ይዘህ ለሐኪሙ አንብብለት። «ወልደ» ማለት «የእገሌ ልጅ» እንደ ማለት መሆኑን፣ ወልደ ሚካኤል ይሁን ወልደ ጊዮርጊስ ቆዳው እንደያዘው ንገረው። ሰውየው የገዛው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ ከእነዚያ መጋዘኖች ከወጡት ብዙዎች አንዱ። ስሙ የተጻፈበት ግን ይህ ነው፤ ይህን ሊያነብለት የሚችል ጠመንጃ ጠጋኝ ቴክሳስ ውስጥ ስንት አለ?

እንዲያበራ መፈለጉ አያስገርመኝም። እኔም ያየሁት ነገር አለ። ወሎ፣ የአያቴ ቤት፣ ከምሰሶው ላይ ምንሽር ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ሰደፉ ላይ ጣቴ በጨለማ የሚያውቃቸው አምስት ጭረቶች ነበሩ፤ የምን ጭረት እንደሆኑ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አያቴ ሲሞቱ አጎቴ ከተማ ወስዶ አስጠገነው። ተፍቆ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ፣ እንደ ሆቴል ወንበር እያብለጨለጨ ተመለሰ። የአያቴ ሚስት ዳብሰውት «የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። አጎቴ እስኪሞት ድረስ ይህን ጥያቄ ሲያነሡበት አይወድም ነበር።

የአንተ ደንበኛ ግን ከአጎቴ የተሻለ ዕድል አለው፤ ጥቁር በርሜል ሳይፈቅ ሊያገኝ ይችላል። ይህን አንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃለህ፤ በደብዳቤህ አለመጥቀስህ ገርሞኛል። በርሜሉን ከእንጨቱ ለይተህ ረጅም ገንዳ ውስጥ በተጣራ ውኃ ብትቀቅለው ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር ይለወጣል። የላላውን በለስላሳ የብረት ሱፍ ጠርገህ ደግመህ ትቀቅላለህ። የጥንት ጠመንጃ ሠሪዎች ብረት ሲያጠቁሩ የኖሩት በዚሁ መንገድ ነው። ከብረቱ ምንም ሳይነሣ ዝገቱ ይቆማል፣ ቀለሙም ይመጣል፤ 1877ቱም ይተርፋል። እንጨቱን ደግሞ ጥቀርሻውን ብቻ አንሣለትና ሙዚየሞች የሚጠቀሙበትን ሰም ስስ አድርገህ ቀባው፤ ነገ ሌላ ባለሙያ ቢፈልግ ሊያነሣው ይችላል። ብርጭቆ ወረቀት ግን አይንካው። የቢላዋ ቅርጽ ጥልቀቱ የጥፍር ያህል ነው፤ ከሁለት ዙር መፋቅ በኋላ «ወልደ»ን ከእንጨት ዱቄቱ ጋር ጠርገህ ትጥለዋለህ።

ስለ ጥፍሯ ደስ ብሎኛል፤ ሦስተኛዋ ስትይዝ እኔም እዚህ ተነፈስኩ። ነገር ግን አሁን ጠመንጃው የሚቀባበል ሆኗልና ሐኪሙ አንድ ቀን ልሞክረው ማለቱ አይቀርም። ይህ መሣሪያ የተሠራው ለ11 ሚሊ ሜትር ጥይትና ለጥቁር ባሩድ ነው። መቀባበያውን የሚይዘው የእጀታው ሥር ብቻ ነው፤ የዛሬ ባሩድ ለሚያመጣው ግፊት አልተሠራም። በዚያ ላይ አንገቱ በቆዳ ተይዟል፤ ያ አንገት ደግሞ ከጉንጩ አጠገብ ነው። «ለዕይታ ብቻ» ብለህ በደረሰኙ ላይ ጻፍ፤ እርሱም ይፈርም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «የለም፣ እኔ የሚያበራ ነው የምፈልገው» ካለህስ? ዕቃው የእርሱ ነው፤ ልትከለክለው አትችልም። እጅህን ግን ልትከለክል ትችላለህ። በመጀመሪያ ሌላ ነገር አቅርብለት፤ ጽሑፍ የሌለው፣ ሰደፉ የተበላ ሌላ ግራ ገዝቶ ያምጣልህ፤ እርሱን እንደ መስታወት አድርግለት፤ ከምድጃው በላይ እርሱ ይሰቀል። ካልተስማማ ሰባት መቶ ዶላሩን ከነጠመንጃው መልስለት። ብሎኑን የፈታህበት ዘጠኝ ቀንና የጥፍሯ ድካም በአንተ ይቅር፤ ይቈጭሃል፤ አውቃለሁ።

እናትህን በሚመለከት፣ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ ይቅር ብለው ማወጃቸውን ንገራቸው፤ አዋጁ እርሳቸው ሰፈር አልደረሰም መሰለኝ። የእርሳሱን ወረቀት ፎቶም ላክላቸው። ለጎረቤት ምን እንደሚሉ ከዚያ በኋላ ይሰማል።

ያቺን የሽቦ ብሩሽ ደግሞ ዛሬውኑ ከሞተሩ ላይ አውርዳት።