ከቶፖ ማፕ ያነሳሽው ነጥብ ለምን 200 ሜትር ሸሸ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ የራሴ ጉድ ትዝ ብሎኝ። ከድሮው ቶፖ ማፕ (የመሬት አቀማመጥ ካርታ) ያነሳሽው ነጥብ ሳተላይት ምስሉ ላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ 200 ሜትር ገደማ ሸሸ፤ በካርታ ሶፍትዌሩ በኪውጂአይኤስ ላይ ሲአርኤሱን (የቁጥሮቹን የመለኪያ ሥርዓት) በዲግሪ ወደሚለካው ወደ 4326 ስትቀይሪው ደግሞ ጭራሽ ጠፋ።

እኔም ጅማ ሥራ እንደጀመርኩ አንድ የቡና እርሻ ወሰን ከቶፖ ማፕ አንስቼ ምስሉ ላይ ስጭነው፣ ጥጉ ወንዙን ተሻግሮ የጎረቤት ማሳ ውስጥ ቁጭ አለ። ባለእርሻው ወረቀቱን አየት አደረጉና «ልጄ፣ ወንዙን የተሻገርነው መቼ ነው?» አሉኝ።

ነገሩ ዳተም ነው፣ ማለትም የካርታው ቁጥሮች የሚለኩበት የምድር ቅርጽና መነሻ። የድሮው 1:50,000 ካርታ አዲንዳን በሚባለው የድሮ ዳተም ነው የተሠራው፣ ስልክሽና ጂፒኤሱ ግን በዓለም አቀፉ ዳተም፣ በደብሊውጂኤስ 84 ነው የሚሠሩት። በሁለቱም ዳተም ቦታው ዩቲኤም (ዓለምን በዞን ከፍሎ በሜትር የሚለካ ሥርዓት) ዞን 37 ስለሆነ ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ። ጅማ አካባቢ ምሥራቁ 260 ሺህ፣ ሰሜኑ 848 ሺህ ገደማ ነው፤ ስታዪው ትክክል ይመስላል፣ የሚያሳስተውም ይሄው ነው። እዚህ አካባቢ የደብሊውጂኤሱ ቁጥር ከአዲንዳኑ በምሥራቅ 90 ሜትር፣ በሰሜን ከ200 ሜትር ትንሽ በለጥ ይላል።

አሁን «ሴት ሌየር ሲአርኤስ» (Set Layer CRS) የሚለው ትእዛዝ የሌየሩን፣ ማለትም የካርታ ንብርብሩን፣ ስያሜ እንጂ ቁጥሮቹን አይቀይርም። የጅማ ቡና ጆንያ ላይ ይርጋጨፌ ብለሽ ብትጽፊ ውስጡ ያው የጅማ ቡና ነው። 4326 ስትይው ደግሞ 260 ሺውን እንደ ዲግሪ አነበበውና ከዓለም ውጪ ወረወረው። መጀመሪያ በዚሁ ትእዛዝ እውነቱን ንገሪው፦ 20137፣ ማለትም አዲንዳን ዞን 37። ከዚያ ሌየሩን በኤክስፖርት ወደ 32637፣ ማለትም ወደ ደብሊውጂኤስ 84 ዞን 37 አውጪው። ከዳተም ወደ ዳተም መቀየሪያ ምረጪ ካለሽ −165፣ −11፣ 206 ያለውን፣ የኢትዮጵያውን ውሰጂ። ዝርዝሩ ውስጥ የማሊም የሴኔጋልም አለ፣ እንዳትሸወጂ።

ወደ ምዕራብ ከሄድሽ ዞኑንም እዪ። የዞን 36 እና 37 መለያ መስመር 36 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ቦንጋ ገና 37 ውስጥ ነው፣ ሚዛንና ቴፒ ግን 36 ውስጥ ናቸው፤ እዚያ 20136 እና 32636 ትያለሽ።

ሌላ፣ ከስልክ በዲግሪ የሰበሰብሽውን በሲኤስቪ (የሰንጠረዥ ፋይል) ስታስገቢ ኤክስ ሎንጊቲውድ (የምሥራቅ-ምዕራቡ ዲግሪ)፣ ዋይ ላቲቲውድ (የሰሜን-ደቡቡ) ነው። ካገላበጥሽው ጅማ አልጄሪያ፣ አናባ አጠገብ ትገኛለች! አንድ ጓደኛችን ይሄን ሠርቶ ግማሽ ቀን ኢንተርኔቱን ሲወቅስ ዋለ።

ስትጨርሺ ምስሉ ላይ በግልጽ የሚታይ ድልድይ ወይም የአስፋልት መገናኛ ላይ ቆመሽ በጂፒኤስ አንድ ነጥብ ውሰጂና አስተያዪ። የጂፒኤሱ ማፕ ዳተም ደብሊውጂኤስ 84 መሆኑን ሴቲንግ ላይ እዪ፤ ቀደም ብሎ የያዘው ሰው ቀይሮት ሊሆን ይችላል። አሁንም ካልገጠመ ሁለት ሦስት ረድፍ ቁጥር እዚሁ ለጥፊልን።